ሉኪኒያ በጣና ዳር፦ ከዘር እስከ ጉቶ የያዝሁት የሥራ ማስታወሻ

መጋቢት 12 ቀን 2014 ዓ.ም.

ከባሕር ዳር ወጥቶ ወደ ዘጌ በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ከሐይቁ ዳር ጥቂት ከፍ ብሎ በሚገኘው የቤተሰባችን ይዞታ ላይ ሉኪኒያ የሚባለውን የመኖ ዛፍ ለመትከል ዛሬ ወስኛለሁ። ምክንያቴ መኖ ነው። ከየካቲት ጀምሮ ክረምቱ እስኪገባ ድረስ ለላሜና ለአራቱ የዋሸራ በጎቼ ከገለባ በቀር የማቀርበው የለኝም፤ የዳጉሳና የጤፍ ገለባ ደግሞ ሆድ ይሞላል እንጂ ወተት አይሆንም። የሉኪኒያ ቅጠል ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶውና ከዚያም በላይ ፕሮቲን ነው፤ ዋና ሥሩ ጠልቆ ስለሚወርድም ሣሩ ሁሉ በከሰለበት ወቅት እሱ ለምለም ሆኖ ይቆያል።

ስለዚሁ ዛፍ የሚነገረውን ሌላውን ነገር ግን አልዘነጋሁትም። ሉኪኒያ የደቡብ ሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ተወላጅ ነው። ስፔናውያን በመርከቦቻቸው ወደ ፊሊፒንስ ካሻገሩት በኋላ በሞቃታማው ዓለም ሁሉ ተዳረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹም «ተአምረኛው ዛፍ» እየተባለ ለገበሬዎች ሲታደል ቆየ። በኋላ ግን ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በዓለም ላይ እጅግ አስከፊ ብሎ ከመረጣቸው 100 መጤ ወራሪ ዝርያዎች አንዱ ሆኖ ተመዘገበ። እንቦጭም ከዚያው መዝገብ ውስጥ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መታየቱ ከተነገረ ወዲህ በዓሣ አጥማጁና በባለታንኳው ላይ ያደረሰውን ያየ የዚህ አካባቢ ሰው፣ «ወራሪ» የሚለውን ቃል ሲሰማ እንደ ሩቅ አገር ወሬ ሊያልፈው አይችልም።

ስለዚህ ለራሴ ያወጣሁት ደንብ ከሥራው በፊት እዚህ መጀመሪያው ገጽ ላይ ይስፈር። ከ40 ዛፍ በላይ አልተክልም፤ የክረምቱን ጎርፍ ወደ ሐይቁ በሚወስደው ቦይ አጠገብ አንድም ችግኝ አላኖርም፤ የትኛውም ዛፍ ፍሬው እስኪደርቅ ድረስ ሳይቆረጥ አይቆይም።

ሌላው የመኖ ዛፍ ከሆነው ከሰስባኒያ ጋር ለምን አልቆየሁም ለሚል ሰው መልሱ አጭር ነው። ሰስባኒያ የራሳችን አህጉር ተክል በመሆኑ ብቻ እንኳ እመርጠው ነበር፤ በጓሮዬም ተክዬው አይቻለሁ። ነገር ግን ዕድሜው አጭር ነው፤ ደጋግመው ሲቆርጡት አይችልም፤ የእኔዎቹም በአራተኛው ዓመት አንድ በአንድ ደረቁብኝ።

መጋቢት 19 ቀን

ዘሩን ያገኘሁት ከአንድ ወዳጄ አሮጌ ዛፍ ነው፤ ግማሽ ሲኒ ያህል ይሆናል። ከአንድ ኪሎ ከ15,000 እስከ 20,000 ዘር ስለሚወጣ ግማሽ ሲኒ እንኳ ለእኔ ብዙ ነው። ዘሩ ቡናማ፣ የሚያብረቀርቅና ጠፍጣፋ ነው፤ ቅርፊቱ ውኃ የማያስገባ በመሆኑ ዝም ብሎ ቢዘራ አብዛኛው አፈር ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ሦስት ጊዜ አርባ አርባ ዘር ቆጥሬ ለየሁ። የመጀመሪያውን አርባ ምንም ሳላደርገው ተውሁት። ሁለተኛውን በሞቀ ውኃ አከምሁት፤ በእኛ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ከእሳት አውርጄ ጥቂት አቀዘቀዝሁትና 80 ዲግሪ ሲደርስ ዘሩን ለሦስት ደቂቃ ነክሬ ወዲያው ወደ ቀዝቃዛ ውኃ ገለበጥሁት። የሦስተኛውን አርባ ቅርፊት በጥፍር መቁረጫ፣ ፅንሱ ከሚገኝበት ጫፍ በተቃራኒው በኩል፣ በትንሹ ሸረፍሁት። ሁለቱ የታከሙት በውኃ ውስጥ አድረው ጠዋት ከሁለት እጥፍ በላይ አብጠው ተገኙ፤ ያልታከመው ግን ልክ እንደነበረ ነው።

የተረፈውን ዘር በሙሉ ምድጃ ውስጥ አቃጥያለሁ።

ሚያዝያ 6 ቀን

ቆጠራው ይህን ይመስላል። ከተሸረፉት አርባ ዘሮች 36፣ በሞቀ ውኃ ከታከሙት 31፣ ካልታከሙት ደግሞ 4 ብቻ በቅለዋል። የታከሙት የመጀመሪያ ቅጠላቸውን ያሳዩት በስምንተኛው ቀን ነው። ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ፍግና አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅዬ በሞላሁት የችግኝ ፕላስቲክ ውስጥ ናቸው። ያልታከሙት ያሉበትን ፕላስቲኮች ግን ለመድፋት አልደፈርሁም፤ በጓሮው ጥግ ለይቼ አስቀምጬ መጠበቅን መርጫለሁ።

ግንቦት 14 ቀን

ችግኞቹ ቁመታቸው ከአንድ ስንዝር አላለፈም፤ ቅጠላቸውም ገርጥቷል። ውኃ አልጎደለባቸውም፤ ፍግም አላቸው። አንዱን ነቅዬ ሥሩን ሳጥበው ሊኖሩ የሚገባቸው ትናንሽ እባጮች የሉም። ሉኪኒያ እንደ ባቄላ ሁሉ ናይትሮጅንን ከአየር የሚወስደው በሥሩ ላይ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ነው፤ ነገር ግን ከማንኛውም ባክቴሪያ ጋር ስለማይስማማ፣ ዛፉ በቅሎበት በማያውቅ መሬት ላይ ተስማሚውን ማጣቱ የተለመደ ነው። ዘሩን ወደሰጠኝ ወዳጄ ሄጄ ከአሮጌው ዛፍ ሥር አንድ ጣሳ አፈር አመጣሁ፤ በውኃ በጥብጬም ሁሉንም አጠጣኋቸው።

ሰኔ 9 ቀን

ሁሉም አረንጓዴ ሆነዋል። ከአንዱ ሥር ላይ እባጩን በጥፍሬ ከፍዬ ሳየው ውስጡ ቀይ ነው፤ ይህ ቀለም ባክቴሪያው ሥራውን በመሥራት ላይ መሆኑን ያሳያል። የአንድ ጣሳ አፈር ይህን ያህል ልዩነት ያመጣል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር፤ አሁን ግን ስለ ሉኪኒያ ችግኝ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ከማዳበሪያ በፊት የምናገረው ይህንኑ ነው።

ሐምሌ 5 ቀን

ዛሬ 40 ችግኝ ተከልሁ፤ የተረፉትን ነቅዬ ለበጎቹ ሰጠሁ። ቦታው የግቢያችን የላይኛው ወሰን ሲሆን በሁለት ረድፍ፣ በችግኝና በችግኝ መካከል አንድ ሜትር እየተውሁ ነው። ከፕላስቲኩ ግርጌ ወጥቶ የተጠመዘዘውን ሥር በምላጭ ቆርጫለሁ፤ ሥሩ ተጠምዝዞ ከተተከለ ዛፉ ዕድሜውን ሙሉ ጠልቆ ሊወርድ አይችልም። አንድ ስጋት አለኝ፤ የረድፎቹ ጫፍ ከቀዩ አፈር ወርዶ ውኃ የሚቋጥረው ጥቁር አፈር ላይ ገብቷል፤ ስምንት ችግኝ እዚያ ላይ አርፏል።

ነሐሴ 24 ቀን

የፈራሁት ደረሰ። ጥቁሩ አፈር ላይ ካሉት ስምንት ችግኞች ስድስቱ ቢጫ ሆነው ደርቀዋል። ሲነቀሉ ሥራቸው ጠቁሮ ይሸታል። ሉኪኒያ ድርቅን እንጂ የተኛ ውኃን አይችልም፤ አሲዳማ አፈርንም አይወድም። በምትካቸው አልተክልም። 34 ይበቃኛል።

ጥቅምት 2 ቀን 2015 ዓ.ም.

በመጋቢት ምንም ሳይደረግላቸው ከተዘሩት አርባ ዘሮች መካከል ሦስቱ ሰሞኑን በቀሉ፤ ከዚያ በፊትም በሐምሌና በነሐሴ አምስት በቅለው ነበር። አንድ ዓይነት አፈር፣ አንድ ዓይነት ውኃ አግኝተው፣ አንዱ በስምንተኛው ቀን ሌላው በሰባተኛው ወር! ያልበቀሉት 28 ዘሮች እዚያው አፈር ውስጥ እንዳሉ ናቸው፤ አንዱን ፈልጌ አውጥቼ በጥፍር መቁረጫ ብሸርፈው በሳምንቱ በቀለ። ይህ ዛፍ ወራሪ የሆነበትን ምክንያት በመዝገብ ካነበብሁት ይልቅ ይህች ፕላስቲክ በደንብ አስረድታኛለች። ዘሩ መሬት ከነካ በኋላ መቼ እንደሚነሣ የሚወስነው ራሱ ነው፤ ዓመታትን ሊጠብቅ ይችላል። አፈሩን ከነዘሩ ብረት ምጣድ ላይ አድርጌ ቆላሁት።

ጥር 20 ቀን

ቁመታቸው ከ80 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ደርሷል። በቆላው አገር በዓመት ብዙ ሜትር እንደሚያድግ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነው፤ እኛ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ነን፤ የጥር ሌሊታችንም ይቀዘቅዛል። በመጀመሪያው ዓመት ዕድገቱ ከመሬት በላይ ሳይሆን ከመሬት በታች መሆኑም አለ። የእኔ ሥራ አረም ማረምና በጎቹን ማራቅ ብቻ ነበር፤ በዚህ ዕድሜው ከአረም ጋር መታገል የሚሳነው ዛፍ በሦስተኛ ዓመቱ ሥሩ ሌላ ነገር የማያበቅል መሆኑን ማሰብ ይከብዳል።

ሐምሌ 17 ቀን

የመጀመሪያው ቆረጣ ተካሄደ። አብዛኛዎቹ ከሰው ቁመት ጋር ስለተካከሉ ከመሬት 75 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ውኃ እንዳይቋጥር አግድም ሳይሆን በሰያፍ፣ በስለታም መጋዝ ቆረጥኋቸው። ገጀራ ግንዱን ስለሚሰነጥቀው ለዚህ ሥራ አልመክረውም። ቅርንጫፉን በጥላ ውስጥ ሁለት ቀን አሰጥቼ ስመታው ቅጠሉ ረገፈልኝ፤ ሦስት ጆንያ ሞላሁ፤ ለበጋ ይቀመጣል። ለጋ ጫፎቹንም አገላብጬ አየሁ። ይህን ዛፍ የሚያጠቃ፣ ጫፉን የሚመጥና የሚያጠወልግ ደቃቅ ነፍሳት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የእስያንና የፓስፊክን ተክል ካጎሳቆለ በኋላ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ምሥራቅ አፍሪካ ገብቷል። በእኔዎቹ ላይ አላገኘሁትም።

ስለ አመጋገቡ ግን በዝርዝር መጻፍ አለብኝ። በቅጠሉ፣ ይልቁንም በለጋው ጫፍና በዘሩ ውስጥ፣ ሚሞሲን የሚባል መርዝ አለ። የሚያመሰኩ እንስሳት ሆድ ውስጥ መርዙ ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ይለወጣል፤ ያም ሲበዛ እንቅርት ያመጣል፤ እንስሳውንም ያከሳል። በሃዋይ ያሉ ፍየሎች ግን ሉኪኒያ እየበሉ አለመታመማቸውን አውስትራሊያዊው ተመራማሪ ሬይመንድ ጆንስ አስተዋለ፤ በሆዳቸው ውስጥ መርዙን የሚያፈርስ ባክቴሪያ መኖሩም ተረጋገጠ። ባክቴሪያው ወደ አውስትራሊያ ከብቶች ተላለፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 በዚሁ ሰው ስም ሲነርጂስቴስ ጆንሲ ተብሎ ተሰየመ። በእኔ ላምና በጎች ሆድ ውስጥ እንዲህ ያለ ባክቴሪያ አለ ብዬ መተማመን ስለማልችል፣ ከቀን መኗቸው ውስጥ ሉኪኒያው ከሢሶ እንዳይበልጥ እየመዘንሁ እሰጣለሁ፤ የቀረው ገለባና ሣር ነው።

መጋቢት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

የደረቀውን ቅጠል ከጥር ጀምሮ ስሰጥ ቆይቻለሁ። ላሟ አምና በዚህ ወር በቀን ሁለት ሊትር የማትሞላ ነበረች፤ ዘንድሮ ከሦስት ሊትር አልወረደችም። በጎቹ ጆንያው ሲከፈት ድምፁን ለይተው ይጮኻሉ።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይህን ስጽፍ አዝኛለሁ። የጎረቤቴ አህያ የጋማዋና የጭራዋ ፀጉር በእጅ ሲነካ እየተነቀለ ይወጣል። ጎረቤቴ ሕመም መስሎት በጣም ተጨንቋል። ልጁን ጠርቼ አህያዋ ምን ስትበላ እንደሰነበተች ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ለበጎቹ ሲሰጡ ስላየሁ ከአጥሩ ያለፈውን ቅርንጫፍ እያጨድሁ ሳበላት ነበር፤ ከሳር አብልጣ ነው የምትወደው» አለኝ። ልጁ ምንም ጥፋት የለበትም። አህያ፣ ፈረስና በቅሎ እንደ በግና ላም አያመሰኩም፤ አሳማና ጥንቸልም እንደዚሁ፤ ሚሞሲኑ ፀጉራቸውን ያረግፈዋል። ይህን አስቀድሜ አውቅ ነበር፤ በአጥሬ ላይ የሚያልፍ መኖ ተክዬ ለጎረቤቶቼ አለመናገሬ የራሴ ጥፋት ነው። ዛሬውኑ ቤት ለቤት ዞሬ ነገርሁ፤ ከአጥሩ የወጣውንም ቅርንጫፍ ሁሉ ቆረጥሁ። ለአህያዋ መድኃኒቷ ቅጠሉን ማቆም ብቻ ነው።

ታኅሣሥ 15 ቀን

አህያዋ አዲስ ፀጉር አብቅላለች፤ ጋማዋ አጭር ቢሆንም እኩል ወጥቷል።

የካቲት 26 ቀን

ከገና በፊት ታማሚ ዘመዴን ለማስታመም ጎንደር ሄጄ ሁለት ወር ቆይቻለሁ። ከመሄዴ በፊት የቆረጥኋቸው ዛፎች ሁሉ ደህና ናቸው፤ «ስመለስ እደርስበታለሁ» ብዬ የተውኋቸው አሥራ አንዱ ግን አብበው፣ አፍርተው፣ ፍሬያቸው ቡናማ ሆኖ ደርቋል። አበባው ነጭ ክብ ኳስ ነው፤ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ሌላ ዛፍ አያስፈልገውም። ከአንድ ኳስ እንደ ግራር ፍሬ ጠፍጣፋ የሆኑ፣ ከስንዝር የማይበልጡ ብዙ ፍሬዎች ተንጠልጥለዋል። አንዱን ከፍቼ 17 ዘር ቆጠርሁ። በአንድ ዛፍ ላይ ከ150 የማያንሱ ፍሬዎች ነበሩ፤ ይህ በአንድ ዛፍ ብቻ ከ2,500 ዘር በላይ ነው። ከአሥራ አንዱ የአራቱ ፍሬ ተሰንጥቆ ዘሩ መሬት ላይ ረግፏል።

ሸራ አንጥፌ የቀረውን ፍሬ በሙሉ ቆረጥሁና አቃጠልሁ። ከአራቱ ሥር ያለውን የላይኛውን አፈር በመጥረጊያና በአካፋ ጠርጌ አውጥቼ ቆላሁት፤ ሁለት ቀን ሙሉ ፈጅቶብኛል። ሁሉንም እንዳላገኘሁት አውቃለሁ።

ሰኔ 22 ቀን

ዝናቡ ከጀመረ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ከአራቱ ዛፎች ሥር የበቀለውን ዛሬ ነቅዬ ቆጠርሁ፤ 412 ናቸው። ሁለት ቅጠል ያወጣ ችግኝ በሁለት ጣት ይነቀላል፤ አፈሩ እርጥብ ሲሆን ሥሩም ሳይቆረጥ ይወጣል።

ከዚያ በቦይው ተከትዬ ወደ ሐይቁ ወረድሁ። ከዛፎቹ እስከ ቦይው 20 እርምጃ አለ፤ በቂ ይሆናል ብዬ ነበር። ጎርፍ የእርምጃ ቁጥር አያውቅምና በቦይው ዳርና ዳር ዘጠኝ ችግኝ አገኘሁ። የመጨረሻው ያረፈው ደንገሉ ከሚጀምርበት ሁለት እርምጃ ላይ ነው። ሥሩ በተኛ ውኃ ላይ እንደማይጸና አውቃለሁ፤ ነገር ግን ሐይቁ ሲሸሽ የሚተወውን ደረቅ ዳርቻም አውቀዋለሁና ደንገሉን እየገለጥሁ እስከ ምሽት ፈለግሁ። ሌላ አላገኘሁም።

ሐምሌ 20 ቀን

ሁለተኛ ዙር፤ 188 ከዛፎቹ ሥር፣ 3 ከቦይው።

ነሐሴ 27 ቀን

ሦስተኛ ዙር፤ 61 ከዛፎቹ ሥር፣ ከቦይው ምንም። ከእነዚህ ውስጥ ሰባቱ በሁለቱ ዙሮች ዓይኔን አልፈው እስከ ጉልበት ያደጉ ነበሩ፤ በእጅ አልነቀል ብለው በዶማ ወጡ።

ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወደ ቦይው የሚያዘነብሉትን አምስት ዛፎች ለማጥፋት ወሰንሁ። ሁለቱን ከመሬት ጋር አስተካክዬ በመስከረም ቆርጬ፣ የጉቶውን ቅርፊት እስከ አፈሩ ልጬ ነበር፤ በአንድ ወር ውስጥ እያንዳንዳቸው ከደርዘን በላይ ቀንበጥ አቆጥቁጠዋል። ይህ ዛፍ በመቆረጥ ይበረታል እንጂ አይሞትም፤ ለመኖ ስፈልገው የወደድሁት ጠባዩ ለማጥፋት ስነሣ ጠላቴ ሆነ። ሐይቁ ቅርብ በመሆኑ ጉቶ ላይ የሚቀባውን ፀረ አረም መጠቀም አልፈለግሁም። አንድ የቀን ሠራተኛ ይዤ አምስቱንም ከሥራቸው መቆፈር ጀመርን። ቡቃያ የሚያወጣው የግንዱና የሥሩ መጋጠሚያ ስለሆነ ያ ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት፤ ዋናውን ሥር ከ50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ በመጥረቢያ ቆረጥነው። ለአንዱ ጉቶ ግማሽ ቀን ሄደ። እንጨቱ ደርቆ ለምድጃ ጥሩ ሆኖልናል፤ ጭሱ ትንሽ ነው፤ ፍሙም ይቆያል።

አሁን የቀሩኝ 29 ዛፎች ናቸው።

ጥር 8 ቀን

የቆረጣው ቀን ከእንግዲህ በእኔ ትዝታ ላይ አይመሠረትም። በክረምት በየ45 ቀኑ፣ በበጋ በየሁለት ወሩ፣ ቢደርስም ባይደርስም 29ኙ ሁሉ ይቆረጣሉ፤ ቀኖቹን ግድግዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ላይ አክብቤአቸዋለሁ። ከቤት ከወጣሁም የአህያዋ ባለቤት ልጅ ሊቆርጣቸው ተስማምተናል፤ ክፍያው የአንድ በግ መኖ ነው፤ ነጩን ኳስ ሲያይ ሳይጠይቀኝ እንዲቆርጥ ነግሬዋለሁ።

ትናንት ከመንገዱ ማዶ የሚኖር አንድ ሰው ላሜን አይቶ ዘር እንድሰጠው ጠየቀኝ። ማሳው ከሐይቁ ዳር ነው፤ ዓመቱን ሙሉ እዚያ አይኖርም። ዘር እንደማልሰጠው ስነግረው ቅር አለው። ምክንያቱን ለማስረዳት ይህን ደብተር ከፍቼ የሰኔውንና የሐምሌውን ቁጥር አነበብሁለት፤ ቦይውንም አብረን ወርደን አየን። በመጨረሻ ከእኔ ቆረጣ በየጊዜው አንድ ሸክም ቅጠል እንዲወስድ፣ ለማሳው ደግሞ የሰስባኒያ ዘር እንድፈልግለት ተስማማን።

ጥር 14 ቀን

ዛሬ ከጠዋቱ ቆረጣ በኋላ ባለፈው ዓመት ዘር የረገፈበትን ቦታ ዞርሁ። ዝናብ ከቆመ ሦስት ወር ቢያልፍም ላሟ የምትጠጣበት ገንዳ ውኃ በሚያንጠባጥብበት በኩል አራት አዲስ ችግኝ በቅሏል። ነቅዬ ለበጎቹ ሰጠኋቸው፤ ድምሩ 677 ደርሷል።